«ይማርሽ» ባዩ እስኪሰለቸው

«ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ነው፣ አሁን ደብረ ብርሃን ቢሮ እሠራለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ያስነጥሰኛል። አፍንጫዬ እንደ ውሃ ይፈሳል። ዓይኔንና ላንቃዬን ያሳክከኛል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ይብስብኛል። ታኅሣሥ ላይ አባቴ ቤት ለውቂያ ስሄድ ደግሞ ደረቴን ያፍነኛል። ቢሮ ‹ይማርሽ› የሚለኝ ሰው እንኳ ሰልችቶታል። አማቴ ‹ብርድ መቶሽ ነው› ይላሉ። ጓደኛዬ ‹ሳይነስ ነው› አለችኝ። ባለቤቴ ‹ጥፋቱ የዚህ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው› ብሎ ሊጥለው ነው። እናቴ ለሠርጌ ያሠራችልኝ የመንዝ ባና ነው። ከመድኃኒት ቤት መርፌ ስወጋ ሁለት ሳምንት ይሻለኛል፣ ከዚያ ይመለሳል። የሚገርመኝ፣ ለስልጠና ሸዋ ሮቢት ወርጄ ሳምንቱን ሙሉ አንዴም አላስነጠሰኝም። አለርጂ ከሆነ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በገለባና በበግ መሀል አድጌ ለምን አሁን? እቤት ደግሞ ድመት አለችን፣ አልጋው ላይ እግሬ ሥር ነው የምትተኛው። የአራት ዓመት ልጄም ክንዱ መታጠፊያ ላይ ችፌ አለው። ከእኔ ወርሶ ይሆን? ለማንኛውም ብዬ እንቁላል ከልክዬዋለሁ።»

እህቴ፣ ሰላምታሽ ደርሶኛል። ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ማሳከኩን መጻፍሽ ነው። ጉንፋን ያስነጥሳል፣ አፍንጫም ያፈሳል። ዓይንና ላንቃን እንዲህ ማሳከክ ግን የጉንፋን ጠባይ አይደለም። ጉንፋን ብዙ ጊዜ በሳምንት፣ በአሥር ቀን ይለቃል። ያንቺ ዓመት አልፎታል። «ሳይነስ» የሚለውን ደግሞ እኛ ከተማ አፍንጫ ለነካው ነገር ሁሉ እንለዋለን። እውነተኛው የሳይነስ ሕመም ፊትን ይጫናል፣ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ንፍጥ ያመጣል፣ ማሽተትንም ይቀንሳል። ያንቺ ንፍጥ እንደ ውሃ ነው። ሳላይሽ ሙሉ በሙሉ አልፈርድም። የጻፍሽው ሁሉ ግን የሚያመለክተው የአፍንጫ አለርጂን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ለምን አሁን?

ብዙ ሰው አለርጂን የሚያስበው እንዲህ ነው፦ ሰውነቴ የማይስማማው ነገር ካለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይስማማውም፤ ሠላሳ ዓመት ከተስማማኝ ደግሞ ስሙን ከተጠርጣሪ መዝገብ ይፋቁልኝ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰውነትሽ ካላገኘው ነገር አለርጂ አይዝሽም። መጀመሪያ መገናኘት አለባችሁ። ያ የመጀመሪያ ትውውቅ ደግሞ ድምፅ የለውም። ምንም አይሰማሽም።

በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። የሰውነት መከላከያ አንድን ጉዳት የሌለው ነገር፣ ለምሳሌ የሣር አበባ ብናኝን፣ እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ለእሱ ብቻ የተበጀ አይጂኢ የሚባል ፕሮቲን ያመርታል። ይህ ፕሮቲን በአፍንጫ፣ በዓይን፣ በሳንባ፣ በቆዳና በአንጀት ባሉ ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ላይ ይለጠፋል። ሕዋሳቱ ሂስታሚን በሚባል ኬሚካል የተሞሉ ናቸው። ተለጥፎ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ከዚያ አንድ ቀን ያው ብናኝ ተመልሶ ይመጣል። አሁን ሰውነትሽ ያውቀዋል። ሕዋሳቱ ሂስታሚናቸውን ይለቁታል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ታስነጥሻለሽ፣ ያሳክክሻል፣ አፍንጫሽ ይፈሳል።

ይህ የታወቀው ባልታሰበ መንገድ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ሻርል ሪሼ እና ፖል ፖርቲዬ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ውሾችን መርዝ ሊያለማምዱ ፈለጉ። መርዙ የባሕር አበባ ከምትመስል ተናዳፊ እንስሳ የተወሰደ ነው። መጀመሪያ ሲወጓቸው ውሾቹ ተቋቋሙት። ከሳምንታት በኋላ በጣም ትንሽ መጠን ሲሰጧቸው ይለምዳሉ የተባሉት ውሾች በደቂቃዎች ውስጥ ተዝለፍልፈው ሞቱ። ሪሼ በዚህ ሥራው በ1913 የኖቤል ሽልማት አገኘ። እዚህ ላይ ያመጣሁልሽ የኛም ሰው «ቀስ በቀስ ይለምደዋል» ስለሚል ነው። ሁልጊዜ አይለምድም። አንዳንዴ የሚማረው መቆጣትን ነው።

ይህ ትምህርት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ደግሞ ወሰን የለውም። አንዱ በልጅነቱ ይጀምረዋል፣ ሌላው በሠላሳዎቹ። መንዝ እያለሽ የተነፈስሽው ገለባ እንዲሁ አልፎሽ ይሆናል። ወይም ያኔ ተጀምሮ ዛሬ ጎልቶ ወጥቶ ይሆናል። የኑሮ ለውጥም እጅ አለበት። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተሠራ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። ትንፋሽ ማፏጨትና አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝተው ተገኙ። ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላው ነው። በከተማው፣ ለአቧራ ምስጥ ቆዳው የሚቆጣ ሰው ትንፋሹ የማፏጨት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። በገጠሩ ግን እንዲህ አልነበረም። እዚያው አካባቢ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ያለባቸው ሰዎች ትንፋሽ ማፏጨት እንደሚያንስባቸው አሳዩ። ቤት ውስጥ ነጭ ጋዝ ማንደድ ደግሞ ከአለርጂ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ይህን አንብበሽ ትል ፍለጋ እንዳትወጪ። ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመጪ የተለወጠው አድራሻሽ ብቻ እንዳልሆነ እንድታዪ ነው።

ወደ ተጠርጣሪዎቹ እንሂድ። በባናው ልጀምር፣ ባለቤትሽ ችኩል ይመስላልና። ለሱፍ እውነተኛ አለርጂ ያለበት ሰው ጥቂት ነው። ሱፍ ቆዳ ላይ የሚያሳክከው ጭረቱ ሻካራ ስለሆነ ነው፣ የሚወጋው ክሩ ራሱ ነው። ያንቺ ችግር ደግሞ አፍንጫ ላይ እንጂ ቆዳ ላይ አይደለም። ነገር ግን ባናውን ጨርሼ ነጻ አላወጣውም። ወፍራም ልብስ፣ ያረጀ ፍራሽና ትራስ የአቧራ ምስጥ ማደሪያ ናቸው። ይህች ፍጥረት በዓይን አትታይም፣ ርዝመቷ ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ አይበልጥም። ከገላችን የሚረግፈውን ቆዳ ትበላለች። እርጥበትና ሙቀት ትወዳለች። አትነክስም። የሚያስነጥሰን በተለይ ኩሷ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ያለች ብርዳም ከተማ ብትሆንም አልጋሽ ብርድ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ አንቺ ታሞቂዋለሽ፣ ላብሽና ትንፋሽሽ ያረጥቡታል። ከአልጋ ስትነሺ የሚጀምርሽ ማስነጠስ ጣቱን ወደዚያው ይቀስራል።

ስለዚህ ባናውን አትጣዪው። በጋው ላይ ጠንካራ ፀሐይ ባለበት ቀን ሙሉ ቀን አስጪው፣ አገላብጪው፣ አራግፊው። ስታራግፊው አንቺ ሳትሆኚ ባለቤትሽ ያራግፈው። ሊጥለው ጉልበት ካገኘ ለማራገፍም አያጣም። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ ይታጠቡ። ምስጧ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አትችልም። ለብ ያለ ውሃ ግን አይገድላትም። ትራሱ አሮጌ ከሆነ ለውጪው፣ ከሁሉም ርካሹ እርምጃ እሱ ነው። ፍራሹ ወለል ላይ ከሆነ ከፍ አድርጊው።

ድመቷን በተመለከተ ደስ የማይል ነገር ልነግርሽ ነው። ሰዎች ፀጉሯን ይከሳሉ። ዋናው ጥፋተኛ ግን በምራቋና በቆዳዋ ያለ ፕሮቲን ነው። ስትላስ ፀጉሯ ላይ ይቀራል፣ ሲደርቅ ይበንናል፣ ግድግዳና ልብስ ላይ ይለጠፋል። ድመቷ ከቤት ብትወጣ እንኳ ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለሦስት ቀን ጎረቤት ልከሽ «ለውጥ የለም» ብለሽ ነጻ እንዳታወጪያት። ቢያንስ ከዛሬ ጀምሮ ከመኝታ ቤት ትውጣ። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ከመስከረም እስከ ኅዳር መባሱ ሌላ ምንጭ እንዳለ ይናገራል። ክረምቱ ሲወጣ ሜዳው ሁሉ ሣር ነው፣ ሣሩም ያብባል። አበባው ዓይን አይገባም፣ ብናኙ ግን በነፋስ ነው የሚጓዘው። አንዳንድ ሰው በዚያ ወቅት አደይ አበባን ይወነጅላል። አደይ ንብ የምትጎበኛት አበባ ናት። የእንዲህ ያሉ አበቦች ብናኝ ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ በአየር ብዙ አይርቅም። እቅፍ አድርገሽ ፊትሽ ላይ ካላስጠጋሻት በቀር ጥፋቷ ትንሽ ነው። እንቁጣጣሽ ላይ የምትነሰንሺው ለምለም ሣርና ቄጤማ ይበልጥ ያሳስበኛል። በነዚያ ወራት ልብስ ውጭ ስታሰጪ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይሁን። ከውጭ ስትገቢ ፊትሽንና ፀጉርሽን ታጠቢ።

ውቂያው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ጠንከር ማለት እፈልጋለሁ። አውድማ ላይ የሚነሣው የአፈር ብናኝ ብቻ አይደለም። የገብስ እብቅ፣ የእህል ዱቄት፣ የነቀዝ ስባሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሻጋታ ዘር አለበት። ነዶ ሲከመር እርጥበት ከያዘ ይሻግታል፣ ሲወቃ ያ ሁሉ ይበንናል። አፍንጫሽን አልፎ ደረትሽን ማፈኑ ነገሩ ወደ ሳንባ መውረዱን ያሳያል። የአፍንጫ አለርጂና አስም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። ደረትሽ ሲታፈን ትንፋሽሽ የሚያፏጭ ከሆነ ወይም ሌሊት በሳል የምትነቂ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ታዪ። ዘንድሮ አውድማው ላይ አትቁሚ። አባትሽን ማገዝ ከፈለግሽ ጠላውንና ንፍሮውን ያዢ፣ መንሹንና ላይዳውን ለወንድሞችሽ ተዪ። የግድ ከሆነ ነፋሱን ከኋላሽ አድርገሽ፣ አፍና አፍንጫሽን በደንብ በሚገጥም ማስክ ሸፍነሽ ቁሚ። ነጠላ መከናነብ ደቃቁን ብናኝ አያቆምም።

አንድ ነገር ለይተሽ ያዢልኝ። የሚያስነጥስ ሁሉ አለርጂ አይደለም። በርበሬ ሲደለዝ ቤቱ ሁሉ ያስነጥሳል፣ የኩበት ጭስ የሁሉንም ዓይን ያስለቅሳል። ዕጣንና ሰንደልም እንደዚያው። እነዚህ ይቆጠቁጣሉ፣ ያቃጥላሉ እንጂ አይጂኢን አይጠሩም። ነገር ግን በአለርጂ ያበጠ አፍንጫ ላይ ሲያርፉ ያባብሱታል። ቀዝቃዛ ደረቅ አየርም እንዲሁ። ጤነኛ አፍንጫም በውርጭ ጠዋት ውሃ ያወርዳል። አማትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ ብርዱ አፍንጫሽን ያፈሰዋል። ዓይንሽን የሚያሳክከው ግን ብርዱ አይደለም።

እዚህ ላይ ሸዋ ሮቢት ትመጣለች። ጣርማ በርን አልፈሽ፣ ደብረ ሲናን ወርደሽ ወደ ቆላ ስትገቢ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሁሉም «ብርዱ ለቀቀሽ» ይላል። ይሆናል። ግን ብርዱን ብቻ አልነበረም ትተሽ የሄድሽው። ፍራሽሽን፣ ትራስሽን፣ ባናሽን፣ ድመትሽንና የደጋውን ሣር ሁሉ ትተሽ ነው የሄድሽው። ስድስት ነገር በአንድ ጊዜ ቀይረሽ አንዱን ማመስገን አይቻልም። ሸዋ ሮቢትም የራሷ ሣርና አቧራ አላት፣ አንድ ሁለት ዓመት ብትኖሪባት አዲስ አለርጂ ልትማሪ ትችያለሽ። ስለዚህ ዝውውር እንዳትጠይቂ።

ይልቅ ደብተር ያዢ። የት አደርሽ፣ ምን ነካሽ፣ በስንት ሰዓት ጀመረሽ፣ አፍንጫ ነው ዓይን ነው ደረት ነው፤ ሁለት መስመር ይበቃል። ለውጥ ስታደርጊ አንድ በአንድ ይሁን። ድመቷ መኝታ ቤት አለመግባቷ ይቀጥል፣ በሚቀጥለው ወር ትራስ ይለወጥ። እህትሽ ወይም ጓደኛሽ ቤት ድመት በሌለበት አልጋ አድረሽ ጠዋቱን እዪው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሆነሽ፣ ብርዱ ሳይቀየር ማስነጠሱ ከቀረ ብርዱን ክሱን አንሺለት።

መርፌው ግን አስደንግጦኛል። ስሙን አልጻፍሽም። ነገር ግን ለሁለት ሳምንት ሁሉን የሚያጠፋ መርፌ ብዙ ጊዜ የስቴሮይድ ዓይነት ነው፣ የሰውነትን መቆጣት የሚያፍን ሆርሞን መሰል መድኃኒት። ስሜቱን ይሸፍነዋል፣ አለርጂውን አያጠፋውም። ሲደጋገም ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት እንዲያቆም ያደርጋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትወጊ። በተደጋጋሚ የወሰድሽ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ሳትደብቂ ተናገሪ፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ በድንገት አይቆምም።

ለአፍንጫ አለርጂ የተሻለው የአፍንጫ ስፕሬይ ነው። እሱም ስቴሮይድ አለው፣ ግን መጠኑ ትንሽ ነው፣ የሚሠራውም እዚያው አፍንጫ ላይ ነው። በየቀኑ ነው የሚወሰደው። ሙሉ ጉልበቱን ለማሳየት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይጥለዋል። እንደ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ያሉ ኪኒኖች ማስነጠሱንና ማሳከኩን ቶሎ ያስታግሣሉ። ክሎርፌኒራሚን ርካሽ ነው፣ ግን እንቅልፍ ያመጣል፣ ቢሮ ላይ ያንገላጅጅሻል። አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብም ይረዳል። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ በአንድ ብርጭቆ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። ጠበል የምትጠመቂ ከሆነ ተጠመቂ፣ መድኃኒትሽንም ውሰጂ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አፍንጫ ውስጥ መክተት ግን ይቅርብሽ፣ የተቆጣውን ስጋ ያቃጥላል።

ስለ ልጁ። አዎ፣ በቤተሰብ ይተላለፋል። የሚወረሰው ግን ዝንባሌው ነው እንጂ አንቺን ያስነጠሰሽ ነገር በስሙ አይወረስም። ክንድ መታጠፊያ ላይ ያለ ችፌ የዚያው የአለርጂ ዝንባሌ አካል ሊሆን ይችላል። ችፌ የያዘው ቆዳ ስንጥቅ የበዛበት ስለሆነ ብናኝና ምግብ በዚያ በኩል ገብቶ ሰውነትን ሊያስቆጣ ይችላል። ስለዚህ ቆዳውን መንከባከብ ራሱ መከላከያ ነው። ለብ ባለ ውሃ አጥበሽ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና ተጠቅመሽ፣ ገላው ሳይደርቅ ቫዝሊን ቀቢው። ሎሚና ሽታው ኃይለኛ የሆነ ቅባት አይንካው።

እንቁላሉን ግን ለምን ከለከልሽው? በልቶ አብጦ፣ ሽፍ ብሎበት ወይም አስመልሶ ከነበረ ከልክለሽ ሐኪም ማሳየትሽ ትክክል ነው። እንዲሁ «ለማንኛውም» ከሆነ ግን ጉዳቱ ያመዝናል። እንግሊዝ አገር ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን ሕፃናት ለሁለት ከፈለ። ግማሹ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የኦቾሎኒ ምግብ በላ፣ ግማሹ እስከ አምስት ዓመት ተከለከለ። የኦቾሎኒ አለርጂ በብዛት የያዘው የተከለከሉትን ነው። ሰውነት በአንጀት በኩል የሚያገኘውን ምግብ ብዙ ጊዜ ይለማመደዋል። ልጅሽ ቀድሞ እንቁላል በልቶ ምንም ካልሆነ መልሺለት። እንቁላል ጭራሽ በልቶ የማያውቅ ከሆነና ችፌው ከባድ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ከሐኪም ጋር ተማክረሽ ስጪው። ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋ ትልቅ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የወተቱን ስኳር መፍጨት ስላቃተው ነው፣ ያ አለርጂ አይደለም።

ሁላችሁም አንባቢዎች ይህን አንድ ክፍል ያዙልኝ። ከምግብ፣ ከንብ ንድፊያ ወይም እንደ ፔኒሲሊን ካለ መርፌ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከተዘጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውየው ከተዝለፈለፈ ይህ ማስነጠስ አይደለም፣ ሞት ነው የሚያንዣብበው። መድኃኒቱ ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ኪኒን አይበቃም፣ ውሃ ማጠጣትም አይረዳም። አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ መተንፈስ ካቃተው ተደግፎ ይቀመጥ፣ እንዲቆም ወይም እንዲራመድ አታድርጉ፤ መኪና ፈልጋችሁ ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም ሩጡ። ቀደም ብሎ መድኃኒት ያስቆጣው ሰው የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፎ ይያዝ፣ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊትም ይናገር።

ወደ አንቺ ልመለስና ልጨርስ። ሐኪም ጋ ስትሄጂ ያንን ደብተር ይዘሽ ሂጂ፣ የተወጋሽውን መርፌ ስምም ከመድኃኒት ቤቱ ጠይቀሽ ጻፊበት። ምናልባት የቆዳ ምርመራ ወደሚሠራበት ቦታ ይልኩሽ ይሆናል። ክንድሽ ላይ የምስጥ፣ የድመት፣ የሣርና የሻጋታ ጠብታዎች አድርገው በቀጭን መርፌ ነካ ነካ ያደርጉታል፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ የትኛው እንዳበጠ ያዩታል። ሴትሪዚንና መሰሎቹ ምርመራውን ስለሚያበላሹ አንድ ሳምንት ቀደም ብለሽ ማቆም ይኖርብሽ እንደሆነ ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ። ካበጠው ጋር ደብተርሽ ከተስማማ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ደብተሩ ላይ የሌለ ነገር ቢያብጥ ግን አትደንግጪ፣ ቆዳ የሚቆጣበት ሁሉ ሕመም አያመጣም።